የጎማ ነፋስ በቁጥር እንጂ በእርግጫ አይለካም



የማኅበራችሁ መኪና እህል ጭኖ፣ ሰው አሳፍሮ ወደ ገበያ ሲነሳ አይታችኋል። ሾፌሩ መኪናውን ይዞራል። ጎማውን በጫማው መታ መታ ያደርጋል። «ደኅና ነው፤ እንሂድ» ይላል።

እውነት ደኅና ነው? በእርግጫ አይታወቅም። ሸክሙን የሚይዘው ላስቲኩ ብቻ አይደለም። ዋናው ተሸካሚ በውስጡ የታመቀው ነፋስ ነው። ነፋስ ደግሞ አይታይም። የሚታወቀው በመለኪያ ነው። መለኪያው የሚናገረው በቁጥር ነው። ቁጥር ማንበብ ደግሞ ተምራችኋል።

ነፋሱ ሲያንስ ምን ይሆናል?

ነፋስ ያነሰው ጎማ በጭነት ሥር ይተኛል። በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፤ መልሶ ይዘረጋል። ሽቦ ደጋግማችሁ ብታጥፉና ብትዘረጉ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ይበጠሳል። ጎማም እንዲሁ ነው። ላስቲኩ ይግላል። በውስጡ ያለው ክርና ሽቦ ከላስቲኩ ይላቀቃል። ከዚያ ጎማው ይፈነዳል።

ጭነት ሲበዛ፣ ፍጥነት ሲጨምር፣ ወደ ቆላ ሲወረድ ግለቱ ይብሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት አስቡ። ፍሬን ሲበዛ ይግላል። ግለቱም በቸርኬው በኩል ጎማው ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ላይ የፊት ጎማ ቢፈነዳ መሪው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። በጎን ያለው ገደል ነው። ከላይ የተሳፈረው ደግሞ አባት፣ እናት፣ ልጅ ነው።

የጭነት መኪና ከኋላ ጥንድ ጥንድ ጎማ አለው። ከጥንድ በሬ አንዱ ሲለግም ሞፈሩ በማን ላይ ይወድቃል? በሌላው ላይ ነው። ከጥንዱ ጎማ አንዱ ሲተነፍስም ጓደኛው የሁለቱን ሸክም ይሸከማል፤ እሱም አይቆይም።

ሲበዛስ?

ነፋስ የበዛበት ጎማ ይወጠራል። መሬት የሚነካው መሀሉ ብቻ ይሆናል። መንገድ አይቆነጥጥም፤ ድንጋይ ሲመታውም ቶሎ ይጎዳል።

ጎማውን ራሱን አንብቡ። ዳርና ዳሩ ካለቀ ነፋስ ሲያንሰው ኖሯል። መሀሉ ካለቀ በዝቶበታል።

ስንት ይሁን?

ለሁሉም መኪና የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ብዙ ትንንሽ የቤት መኪኖች ከ30 እስከ 35 ፒ.ኤስ.አይ. ይይዛሉ። የጭነት መኪና ከዚህ በጣም ይበልጣል። የመኪናችሁን ልክ በመኪናው መጽሐፍ ወይም የሾፌሩ በር ሲከፈት በመቃኑ ላይ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ቁጥር አለው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ነው፤ እሱን ልክ አድርጋችሁ አትሙሉ። መለኪያው በባር ከሆነ 1 ባር 14 ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ነው።

እንዴት ይለካል?

1. ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ለኩ። ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ ይሁን። ሲሄድ የዋለ ጎማ ነፋሱ ስለሚሞቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። «በዛ» ብላችሁ የጋለ ጎማ አታስተንፍሱ። ሲበርድ ያንሰዋል።

2. የቫልቩላውን ክዳን ፍቱ። መለኪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑ። ሽው የሚል ድምፅ ካላቋረጠ በደንብ አልገጠመም።

3. ቁጥሩን አንብቡ። ከቀኑ ጋር በደብተር ጻፉ።

4. ያነሰውን አስሞሉ። እንደገና ለኩ።

5. ቫልቩላው ላይ ምራቅ ጠብ አድርጉ። አረፋ ከሠራ ያስተነፍሳል። ከዚያ ክዳኑን መልሱ። አቧራና ጭቃ እንዳይገባ ይከላከላል።

6. ስኮርታውን አትርሱ። የተነፈሰ ስኮርታ በመንገድ ላይ ጥቅም የለውም።

ይህን በወር አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ሩቅ መንገድ ከመሄዳችሁ በፊት አድርጉ። ደኅና ጎማም ቢሆን በወር ውስጥ ጥቂት ነፋስ ያጣል።

ተጠንቀቁ! ተንፍሶ ብዙ መንገድ የሄደ ጎማ ውስጡ ተጎድቶ ይሆናል። ጎሚስታ ፈቶ ሳያየው አይነፋ። ጎማ ሲሞላም ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ልጆችንም አርቁ። ቢፈነዳ ወይም የቸርኬው ቀለበት ቢፈናጠር ይገድላል።

ሾፌሩ «አባቴ፣ እርስዎ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?» ቢል አትጣሉት። «ልጄ፣ ቁጥሩን አብረን እንየው» በሉት። ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

ለመወያያ

ሀ. የጋለ ጎማ ለምን አይተነፍስም?
ለ. በማኅበራችሁ መኪና በር መቃን ላይ ምን ቁጥር ተጽፏል? ሄዳችሁ አንብቡ።
ሐ. የጎማውን ደብተር ማን ይያዝ? በስብሰባ ላይ ወስኑ።