ኢንተርቪው ላይ ያስከፋችሁ ድርጅት «አልፋችኋል፣ ሰኞ ጀምሩ» ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?



በቅርቡ አንዲት ወጣት ልታየኝ መጣች። «ዶክተር፣ ልቤ በጣም ይመታል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም» አለችኝ። መረመርኳት፣ የልብ ምርመራም አሠራኋት፣ ሁሉም ደህና ነው። «ሰሞኑን ያጋጠመሽ አዲስ ነገር አለ?» ስላት «ሥራ አገኘሁ» አለችና እንባዋ መጣ። ኢንተርቪው ያደረጋት ሰው ሲያመናጭቃት ቆይቶ በማግስቱ «ተቀብለንሻል» ተብላለች። እሺ ትበል እምቢ ጨንቋታል። (ይህን የምጽፈው እሷው ፈቅዳልኝ ነው።)

እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁና ስሜቷ ወዲያው ገባኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንግሥት ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ነበርኩ። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ የቤት ኪራይ ተጨምሮብናል። አንድ የግል ክሊኒክ ለኢንተርቪው ጠራኝ። የተቀጠርኩት ለሦስት ሰዓት ነው፣ የገባሁት አራት ሰዓት ተኩል። ኃላፊው ሲቪዬን አላየውም፣ ስልኩን እየነካካ «አንቺ» ብሎ ጀመረ። «ልጅ አለሽ? ሌላ ለመውለድስ አስበሻል?» ቀጠለና «ለአንድ በሽተኛ ስንት ላብራቶሪ ታዢያለሽ?» አለኝ። «እንደ በሽተኛው ሁኔታ ነው» ስለው ሳቀና «በዚህ አስተሳሰብ የቤት ኪራይ አይከፈልም» አለ። መሃል ላይ አንዲት ነርስ ወረቀት ልታስፈርም ብትገባ እኔ ፊት ጮኸባት። አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ከሁለት ቀን በኋላ ተደወለ። «አልፈሻል፣ ሰኞ ጀምሪ።» ደመወዙ ከያዝኩት እጥፍ ነው!

ባለቤቴ «አንቺ እንዳልሽ፣ ግን ኪራዩንም አስቢው» አለኝ። እናቴ ደግሞ «የማይቆጣ አለቃ የት አለ? እንጀራ ነው ልጄ» አለች። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ሆስፒታል ገብቼ ግፊቴን ስለካ 148/94 ሆነ። አንድ ቀን ከፍ ብሎ የተገኘ ልኬት ብቻውን «የደም ግፊት በሽታ አለብህ» አያስብልም። የኔም ስረጋጋ ተመልሷል። ግን ሰውነቴ ምን ያህል እንደተጨነቀ አሳየኝ።

ስንጨነቅ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ሆድ ይረበሻል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ለአንድ ቀን ከሆነ ጉዳት የለውም፣ ማንኛውም ኢንተርቪው ያመጣዋል። ስለዚህ «ልቤ መታ፣ ስለዚህ ሥራው መጥፎ ነው» ማለት አይቻልም። ችግሩ ይህ ሁኔታ በየቀኑ፣ ለወራት ሲቀጥል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ቦታ ካልተፈታ የረጅም ጊዜ ጭንቀት የሚመጣውን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል። ድርጅቱ ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በ2021 ባወጣው ጥናት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው 35 በመቶ ከፍ ያለ ነው።

ታዲያ እንዴት እንወስን?

1. በዚያው ቀን አትመልሱ። «አመሰግናለሁ፣ ሁለት ቀን ስጡኝ» በሉ። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ሁሉንም ነገር ወይ በጣም ያጨልመዋል ወይ ያቃልለዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

2. ያስከፋችሁ ማነው? ነገ የቅርብ አለቃችሁ የሚሆነው ሰው ነው ወይስ ሁለተኛ የማታገኙት? የከበደ ጥያቄ መጠየቅና መዋረድም ይለያያሉ። ሙያችሁን አጥብቆ የፈተነ ሰው ሰደባችሁ ማለት አይደለም።

3. ሌላውን ሠራተኛ እንዴት ያዘው? እናንተ እንግዳ ናችሁ፣ እነሱ ግን የዕለት ተዕለት ኑሮውን ያሳያሉ። የሚሠራ ወይም የለቀቀ ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁ።

4. መልሳችሁ ደውሉ። የሥራ ሰዓቱን፣ የቅርብ አለቃችሁን፣ ውሉ በጽሑፍ መሆኑን ጠይቁ። ከመልሱ በላይ አመላለሱን ስሙ።

5. ኪሳችሁን በሐቅ ቁጠሩ። እምቢ ለማለት አቅም የሌለው ሰው አለ፣ ይህ ነውር አይደለም። ከገባችሁ ግን አውቃችሁ ግቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፣ በዚያ ጊዜ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የሙከራ ጊዜውን እናንተም እነሱን የምትፈትኑበት አድርጉት፣ ሌላ ሥራ መፈለጋችሁንም አታቋርጡ።

እኔ ደውዬ ስለ ዲዩቲውና ስለ ውሉ ጠየቅኩ። «ልትሠሪ ነው ወይስ ልትመረምሪን?» አለኝ ኃላፊው። ራሱ አለቃዬ ሊሆን ነው፣ የላብራቶሪው ጥያቄም ከውስጤ አልወጣም። «አመሰግናለሁ፣ አልመጣም» አልኩት። ቀላል አልነበረም። ራቅ ወዳለ ሰፈር ቤት ቀየርን፣ ጠዋት በጨለማ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም «ምነው እሺ ባልኩ» ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ሌላ ቦታ እስካገኝ ወራት ፈጀ። ደመወዙ ከዚያኛው ያንሳል፣ ግን ለበሽተኛዬ የማያስፈልገውን ምርመራ አዝዤ አላውቅም።

ልጅቷስ? ያመናጨቃት ሰው ከዋናው ቢሮ የመጣ ነው። የምትሠራበትን ቅርንጫፍ ኃላፊ ሄዳ አነጋገረች፣ ቁጭ አድርጋ በደንብ አስረዳቻት። ሥራውን ተቀበለች። ለክትትል ስትመጣ «አሁን እተኛለሁ» አለችኝ። የኔ መልስ እምቢ፣ የሷ መልስ እሺ ሆነ። ሁለታችንም ግን ከመመለሳችን በፊት ጠይቀናል።

ማስታወሻ፦ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ በተለይ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ «ጭንቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የእንቅልፍ ማጣት ወይም የመከፋት ስሜት ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም አማክሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ፣ ለምታምኑት ሰው ተናግራችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ሥራ እየፈለገ ያለ ወዳጅ ካላችሁ ሼር አድርጉለት። እናንተስ እንዲህ ገጥሟችሁ ያውቃል? ምን ወሰናችሁ?