ልብ ወለዱ ካለቀ በኋላ

ዲስቶፒያ ማንም ሊኖርበት የማይመኘውን ኅብረተሰብ ከነሕጉ፣ ከነቋንቋውና ከነዕለት ኑሮው የሚገነባ ልብ ወለድ ነው። ስያሜው የዩቶፒያ ተቃራኒ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር በ1516 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ አንዲት ምናባዊ ደሴት ሲጽፍ ከግሪክኛ «የትም የሌለ ቦታ» የሚል ስም አወጣላት፤ ለጆሮ ግን «መልካም ቦታ» ከሚለውም ጋር ይገጥማል። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ደግሞ በ1868 በብሪታንያ ፓርላማ የመንግሥትን የአየርላንድ ፖሊሲ ሲነቅፍ የክፉውን ቦታ ስም ተጠቀመበት። ቃሉ ልብ ወለድ ውስጥ ሳይገባ የፖለቲካ ሙግት ቃል ነበር ማለት ነው።

ዲስቶፒያ አብዛኛውን ጊዜ የሚመደብበት ሳይንሳዊ ልብ ወለድ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ ለረጅም ጊዜ የጊዜ ማሳለፊያ ንባብ ተደርጎ ይታይ ነበር። ማርክ ሂሌጋስ በ1962 በአሜሪካው ኮልጌት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ኮርስ አድርገው ካስተማሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። የትንታኔውን መሣሪያ ያቀበለው ግን በካናዳ ያስተምር የነበረው ዳርኮ ሱቪን ነው። በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ደራሲው አንድ አዲስ ነገር (ሱቪን «ኖቩም» ይለዋል) ያስገባና የለመድነውን ዓለም እንግዳ ያደርግብናል።

የሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን «እኛ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በስም ፈንታ ቁጥር አላቸው፤ የቤታቸው ግድግዳ መስተዋት ነው፤ መጋረጃ መጣል የሚፈቀደውም በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ተማሪው እንግዲህ ከዚህ ግድግዳ ተነሥቶ ፍቅር፣ ሐሜትና ብቸኝነት ምን እንደሚሆኑ ይመረምራል። ደራሲው በእንግሊዝ የበረዶ ሰባሪ መርከቦችን ግንባታ የተቆጣጠረ መሐንዲስ ነበር፤ የመጽሐፉ ዓለም በሂሳብ መመለኩ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በ1920ና 1921 የተጻፈው ይህ ሥራ በሶቪየት ኅብረት የታተመው በ1988 ነው።

ጆርጅ ኦርዌል «እኛ»ን አንብቦ በ1946 ሂስ ጻፈበት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የራሱ «1984» ወጣ። ይህን መጽሐፍ ከአልደስ ሀክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» (1932) ጋር አነጻጽሩ ማለት የቆየ የፈተና ጥያቄ ነው፦ ሰው በፍርሃት ነው ወይስ በተድላ ይበልጥ የሚገዛው?

ከዚህ ይልቅ ፍሬያማው ብዙ አንባቢ ዘሎት የሚያልፈው የ«1984» አባሪ ነው። ስለ ኒውስፒክ፣ ማለትም ፓርቲው ሐሳብን ለማጥበብ ስለፈጠረው ቋንቋ ያትታል። የተጻፈው ግን በተራ እንግሊዝኛ፣ ያውም በኃላፊ ጊዜ ነው። ኒውስፒክ «ነበር» ከተባለ ፓርቲው ወድቋል ማለት ነው? አንዳንዶች አዎን ይላሉ፤ ሌሎች የተለመደ የአተራረክ ስልት ከመሆን አያልፍም ባይ ናቸው። አንድ የአሜሪካ የመጽሐፍ ክበብ አባሪው እንዲቆረጥ ሲጠይቅ ኦርዌል እንቢ ማለቱን ያወቀ ተማሪ፣ ጥያቄውን በቀላሉ አይተወውም።

ካናዳዊቷ ማርጋሬት አትዉድም አልተወችውም። በ1985 የታተመው «ዘ ሀንድሜይድስ ቴል» የሚዘጋው በ2195 በሚካሄድ የምሁራን ጉባኤ ነው። አንድ ፕሮፌሰር በባርነት ስለኖረች ሴት፣ በካሴት ቀድታ ስለተወችው ምስክርነት ያወራል፤ ይቀልዳል፤ ታዳሚው ይስቃል። ሥቃይዋ የጥናት ሰነድ ሆኗል። የሥነ ጽሑፍ ክፍሉ ራሱን በመጽሐፉ ውስጥ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ምቾት የሚሰጥ ግኝት አይደለም።

ደካማ የሚሆነው ኮርስ «የትኛው ትንቢት ሠመረ?» እያለ የሚቆጥር ነው። የኦክታቪያ በትለር «ፓራብል ኦቭ ዘ ሶወር» በ1993 ታትሞ ታሪኩን ከ2024 ስለሚጀምር፣ ለዚህ ቆጠራ ይጋብዛል። ቶም ሞይላን የተባለው ሐያሲ በ2000 ባሳተመው ጥናት ግን እንዲህ ያሉትን ሥራዎች «ሒሳዊ ዲስቶፒያ» ይላቸዋል፤ የቀደሙት ተስፋን ከመጽሐፉ ውጭ ሲተዉት እነዚህ በታሪኩ ውስጥ ያቆዩታልና። የበትለር ተራኪ ከሎስ አንጀለስ አካባቢ ወደ ሰሜን በእግሯ ስትሰደድ፣ በመንገድ ላይ ሰው እያሰባሰበች ማስታወሻዋን መጻፍ አታቋርጥም።