የክረምት ዕረፍትና የቤተ ሰብ ጤና

ሐምሌ ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መምህሩም የፈተናውን እርማት ጨርሶ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ለመዋል ፋታ ያገኛል። ከገጠር ዘመድ ይመጣል፤ ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ዳቦ ይቈረሳል፤ በጳጉሜንም ልጆች ዐደይ አበባ ለመልቀም ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ይሁን እንጂ ይህ የደስታ ወራት የክረምት ጎርፍ ማናቸውንም እድፍ እየጠረገ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ የሚያወርድበት ወራት ስለሆነ፣ የተቅማጥ በሽታ የሚበረታውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ አንድ ወጣት ቤተ ሰብ በምሳሌነት እናንሣ። ባልየው መምህር ነው፤ የሰባት ዓመት ሴት ልጅና የዓመት ከመንፈቅ ወንድ ልጅ አላቸው። ለዘመን መለወጫ የባልየው እናት ከገጠር መጥተዋል። በጳጉሜን አንድ ቀን ሰማዩ ጠራና ሁሉም ዳቦና ቆሎ ይዘው ወደ እንጦጦ ጋራ ወጡ። ከቤት የያዙት የፈላ ውሃ ግን ከቀትር በፊት አለቀ። ከገደሉ ሥር ኩልል ያለ ምንጭ ይወርድ ነበርና አያቲቱ በጽዋ ቀድተው ሕፃኑን አጠጡት። ከምንጩ በላይ ከብት መዋሉን፣ ሰውም መጸዳዳቱን ያየ አልነበረም።

በማግስቱ ማታ ሕፃኑን ተቅማጥና ትውከት ያዘው። እናቲቱ ውሃ ልትሰጠው ስትነሣ አያቲቱ፣ «ልጄ፣ አታጠጪው፤ የጠጣው ሁሉ ይወጣል፤ ሆዱ ይረፍ» አሏት። እርሷም አክብራቸው ዝም አለች። ሊነጋ ሲል የሕፃኑ ዓይን ጐድጕዶ፣ አፉ ደርቆ፣ ያለ እንባ ያለቅስ ጀመር። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት።

አስታማሚዋም መዝና፣ «እማማ፣ አሳብዎ ለልጁ ማዘን ነው። ነገር ግን ልጅን የሚገድለው ከሰውነቱ የወጣው ውሃና ጨው ሳይተካ መቅረቱ ነው» አለቻቸው። አንዱን ከረጢት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጠበጠችና ማንኪያውን ለአያቲቱ ሰጠች። ሕፃኑ ሲያስታውከው ዐሥር ደቂቃ እየጠበቁ፣ እንደ ገና ቀስ እያሉ እስከ ቀትር አጠጡት። በቀትር ሕፃኑ ጡት ጠየቀ፤ ሲያለቅስም እንባው ወረደ።

ከዚህ ምሳሌ የሚከተለውን እንማራለን።

1ኛ/ የመጠጥ ውሃ ይፈላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላባታል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ይቈይ፤ ከዚያም እንደ ተከደነ ይቀዝቅዝ።

2ኛ/ እንግዳን በማስታጠቢያ ማስታጠብ መልካም ልማዳችን ነው፤ ሳሙና ይጨመርበት። ከመጸዳጃ ቤት መልስና ሕፃን ካጸዱ በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠብ።

3ኛ/ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጡትም ምግብም አይከልከል። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ባስቀመጠው ቍጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የተበጠበጠውን ይጠጣ። ከረጢቱ ካልተገኘ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ፤ ጨው አይብዛ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቈይ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የዚንክ ኪኒንም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ ይሰጥ።

4ኛ/ ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የመስከረም ትምህርት ሲከፈት መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፣ ተማሪውም ለአያቱ በአክብሮት ቢነግር፣ ስንት ሕፃን ይድናል! ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። የዚያ ቤት አያት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከስንቃቸው ጋር የቋጠሩት ሦስት ከረጢት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነበር፤ «ለጎረቤት ልጆች ይሆናል» ብለው።