«ከእኛ ሰፈር ውጪ የትም ይሁን!»

እኔም ፈርሜያለሁ፡፡ ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ይህን ልናዘዝ፡፡ የተቃውሞው ወረቀት ቤት ለቤት ዞሮ እኛ ዘንድ የደረሰው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻው ገና ትኩስ እንዳለ ነው፡፡ ይዘውት የመጡት የእድራችን ገንዘብ ያዥ ናቸው፡፡ (ስማቸውን አልጠራም፤ የማንንም ስም አልጠራም፤ ሰፈሩንም አልነግራችሁም፡፡ ምክንያቱን ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ፡፡) «በይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ስምሽን ጻፊና ፈርሚልኝ» አሉኝ፡፡ ከላይ «በሰፈራችን ሊከፈት የታሰበውን የጎዳና ተዳዳሪዎች የቀን ማረፊያ የምንቃወም ነዋሪዎች» ይላል፡፡ ተራ ቁጥሬ 63 ነበር፡፡ አቦሉ ሳያልቅ ፈረምኩ!

ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፡፡ ታናሽ እህት አለችኝ፡፡ የማታ ትምህርቷን ጨርሳ ከታክሲ የምትወርደው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው፡፡ ባለፈው ዓመት እዚያው ታክሲ መውረጃው ላይ ሞባይሏን ነጥቀዋት፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ እያለቀሰች ገባች፡፡ ከዚያን ቀን ወዲህ 3 ሰዓት ሲሆን እኔ ቁጭ ብድግ ማለት ነው ሥራዬ፡፡ ታዲያ «የጎዳና ልጆችን ሰብስበው ሊያመጡብን ነው» ሲሉኝ ምን ልበል? እናንተስ ብትሆኑ?

የስብሰባው ዕለት

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ፡፡ ለቀብር እንኳ የማይመጡ ሰዎች መጥተዋል፡፡ ማረፊያውን እከፍታለሁ ያለው በጎ አድራጎት ድርጅት የላከው አንድ ወጣት ነው፤ ሰነዱን አቅፎ ተነሳና ስለ «ባለድርሻ አካላት» እና ስለ «ዘላቂ መፍትሔ» ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ፡፡ ማንም አልገባውም፡፡ የገባን አንድ ነገር ነው፤ ይመጣሉ!

ከዚያማ አዳራሹ ቀለጠ፡፡ ባለ ሱቁ «በሬ ላይ ተኮልኩለው ገበያዬን ሊያባርሩት ነው» አለ፡፡ ሁለት ክፍል የምታከራይ ሴት «ተከራዮቼ ነገ ይለቁብኛል» አለች፡፡ የልጆች እናት የሆነች ጎረቤታችን «ማስቲሽ እየሳቡ ልጆቼ መንገድ ላይ ሊቀመጡ ነው?» ብላ እንባዋ መጣ፡፡ አንድ ጡረተኛ አባት ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ «ለምን እኛ ሰፈር? ቪላው ሰፈር ቦታ ጠፍቶ ነው?» ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፡፡ እኔም አጨብጭቤያለሁ፡፡ በመጨረሻ ሰብሳቢው ጉዳዩን ከሦስት ሳምንት በኋላ እናየዋለን ብለው በተኑን፡፡

ውሃ ስቀዳ የሰማሁት

የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፡፡ የሚመጣው ደግሞ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው፡፡ ከስብሰባው በኋላ ባለው ማክሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ግቢው ቦኖ ወረድኩ፡፡ የግቢያችን ዘበኛ እንደ ወትሮው ባትሪያቸውን ይዘው መጡ፡፡ ሁለት ዓመት ሙሉ ያወቅኋቸው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጥበቃ ቤቷ በር የማይጠፉ፣ ሃምሳውን የተሻገሩ ሰው ናቸው፡፡ ጀሪካኑ እስኪሞላ ዝም ከምል ብዬ «ጋሼ፣ ስለ ስብሰባው ሰሙ?» አልኳቸው፡፡

ዝም አሉ፡፡ ውሃው ይንጫረራል፡፡ ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ እኔ ቀን ቀን የት የምተኛ ይመስልሻል?» አሉኝ፡፡

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም፡፡

ቤት የላቸውም፡፡ ሌሊቱን ሙሉ የእኛን ቤት የሚጠብቁት ሰው ራሳቸው ቤት የላቸውም! ደመወዛቸው ክፍል ተከራይተው ለገጠር ልጆቻቸው ገንዘብ ለመላክ አይበቃም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸውና ልጆቻቸውን መረጡ፡፡ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተረኛውን ሲያስረክቡ በበጋ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከቅጥሩ ሥር ጋደም ይላሉ፡፡ ክረምት ሲሆን የሱቅ በረንዳ ይፈልጋሉ፤ ባለ ሱቁ ሲከፍት ይነሳሉ፡፡ ማታ ተራቸው ከመድረሱ በፊት በአንድ ጣሳ ውሃ ፊታቸውንና እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ይላጫሉ፣ ዩኒፎርማቸውን ይለብሳሉ፡፡ «ረሃቡ አይደለም የሚከብደኝ፤ ሰው አጠገብ ስቆም ይሸተው ይሆን የሚለው ነው» አሉኝ፡፡

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?» ስላቸው ሳቁ፡፡ «ቤት የሌለውን ዘበኛ ማን ያምናል ልጄ? በነጋታው ያስወጡኛል፡፡»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ነው እንቅልፌን የነሳኝ፡፡ ለካ የተቃውሞው ወረቀት ቤት ላልተገኙ ነዋሪዎች ተብሎ ሁለት ቀን የተቀመጠው እሳቸው ጋ፣ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ ነበር፡፡ ለሚገባ ለሚወጣው ወረቀቱን ዘርግተው እስክሪብቶ ሲያቀብሉ የከረሙት እሳቸው ናቸው፡፡ «የአንቺንም ስም አይቼዋለሁ» አሉኝና ጀሪካኑን አንስተው ደረጃው ድረስ ተሸከሙልኝ፡፡

(ይህን እንድጽፍ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፡፡ «እኔ መሆኔ ካልታወቀ ጻፊው» ብለውኛል፡፡ ስለዚህ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ፡፡)

ስጋቱስ ውሸት ነው እንዴ?

ውሸት አይደለም! እህቴ የተነጠቀችው ሞባይል ውሸት አይደለም፡፡ የጎረቤቴም እንባ ውሸት አይደለም፡፡ ግን ስጋትን በፊርማ ብቻ ማባረር አይቻልም፤ አንድ በአንድ አንስቶ ማየት ይሻላል፡፡ ያንን ወጣት ቢሮው ድረስ ሄጄ አነጋገርኩት፡፡ ያለ «ባለድርሻ አካላት» ሲያወራ ለካ ይገባል!

በመጀመሪያ፣ ይህ ማደሪያ አይደለም፡፡ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋል፡፡ ሰው ገብቶ ይታጠባል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ሽንት ቤት ይጠቀማል፣ ሻይና ዳቦ ይቀምሳል፣ ዕቃውን በአደራ ያስቀምጣል፣ ሌሊት የሠራ ጋደም ይላል፣ የታመመ ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል፡፡ መታወቂያ የሌለው ደግሞ እንዴት እንደሚያወጣ ይረዱታል፡፡ ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፡፡ የቤት ቁጥር የሌለው ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ይቸገራል፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ መቀጠርም፣ ባንክ ደብተር ማውጣትም፣ ቤት መከራየትም አበሳ ነው፡፡ ቤት ስለሌለው መታወቂያ የለውም፤ መታወቂያ ስለሌለው ቤት አያገኝም፡፡ እንዲህ ዓይነቱን አዙሪት አንድ ሰው ብቻውን አይሰብረውም፡፡

«ሌባ ይበዛል» ለሚለው፤ የእህቴን ሞባይል የነጠቀው ልጅ አዲስ ጫማ ያደረገ፣ ነጥቆ ሲያበቃ የምትጠብቀው መኪና ውስጥ ዘሎ የገባ ነው፡፡ (መኪና ያለው በረንዳ አዳሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?) በ1996 ዓ.ም. የወጣው አደገኛ ቦዘኔነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 384 እንኳ የሚዘረዝረው ድርጊቶችን ነው፤ ቤት ማጣትን ብቻውን ጥፋት ብሎ አልቆጠረም፡፡ ደግሞስ እነዚህ ሰዎች ዛሬም እዚሁ ናቸው፡፡ ልዩነቱ ዛሬ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ ማረፊያው ከተከፈተ ግን ይመዘገባሉ፡፡ እውነቱን ለመናገር፣ ወሬውን ሰምተው ከሌላ ሰፈር የሚመጡም አይጠፉም፡፡ ስለዚህ በቀን ስንት ሰው እንደሚስተናገድ ከወዲሁ ይወሰን ማለት መብታችን ነው፡፡

«በሽታ ያመጡብናል» ለሚለው ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፡፡ ተስቦንና ግርሻን (ተሻለኝ ሲሉት ተመልሶ የሚጥለውን ትኩሳት) ከሰው ወደ ሰው የምታሸጋግረው የልብስ ቅማል ናት፡፡ ግርሻ በአገራችን ከክረምት፣ ከመጨናነቅና ልብስ ከማጣት ጋር አብሮ የሚነሳ ነው፡፡ ቅማል የምትጠፋው ሰውነት ሲታጠብና ልብስ በፈላ ውሃ ሲታጠብ ነው፡፡ ታዲያ የልብስ ማጠቢያ ቦታ ስንከለክል ማንን ነው የተከላከልነው? ሽንት ቤት ከልክለን አጥሩ ሥር ሸኑብን ማለትስ እንዴት ነው?

«ለምን እኛ ሰፈር?» ለሚለው የጡረተኛው አባት ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፡፡ የታክሲ ሳንቲም የሌለው ሰው በእግሩ ሊደርስበት ይገባል፡፡ ዕቃ ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ ሌሊት ጠባቂው የሚውሉትና የሚሠሩት እዚሁ ነው፡፡ ማረፊያውን ከከተማ ዳር ብታደርጉት ለማንም አያገለግልም፡፡

«ይለምዱበታል፣ ይሰንፋሉ» ለሚሉት ደግሞ ምን ልበል? ለአንድ ሻወርና ለአንድ ሻይ ብሎ ጎዳና ላይ የሚቀር ሰው የለም፡፡ ይልቅ ሥራ ልጠይቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ሳይታጠብ ቢሄድ ከበር ይመለሳል፡፡

ነገሩ አዲስም አይደለም፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ልጆችን እንዲረዳ ያዛል፡፡ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለጎዳና ተዳዳሪዎች የተመደበ ድርሻ ነበረው፡፡ ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ ደግሞ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከየመንገዱ እያነሳ ሲጦር ሁላችንም በቴሌቪዥን እያየን አልቅሰናል፣ ገንዘብም አዋጥተናል፡፡ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መፈክሩንም በቃላችን እናውቀዋለን፡፡ እንግዲህ ጥያቄው ሰውን መርዳት በቴሌቪዥን ሲሆን ደስ ይላል፣ በራችን ላይ ሲሆን ነው ወይ የሚከብደን?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ወጣቶች፣ እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ወረቀት መዞሩ አይቀርም፡፡ ዝም ብላችሁ «እሺ» በሉ አልላችሁም፡፡ ዝም ብላችሁ «እምቢ» አትበሉ ነው የምለው፡፡ ይልቅ ቅድመ ሁኔታችሁን ጻፉ፡፡ እኔ የጻፍኳቸው እነዚህ ናቸው፤

የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ይታወቅ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱበትና የሚመለሱበት ሰዓት ይታሰብበት፡፡

ሰልፉ መንገድ ላይ ሳይሆን ከአጥሩ ውስጥ ይሁን፤ በሩም ሱቆቹ ባሉበት በኩል አይሁን፡፡

ለሴቶች የተለየ መታጠቢያ ወይም የተለየ ሰዓት ይኑር፡፡ ጎዳና ላይ ከወንዱ ይልቅ የሴቷ ፍዳ ይበዛልና፡፡

ችግር ሲፈጠር የሚደወልበት፣ ስልኩን የሚያነሳ አንድ ኃላፊ ሰው ይመደብ፡፡

ከእድሩ ሁለት፣ ከወጣቶች ሁለት ሰው ያለበት ኮሚቴ በየወሩ ከድርጅቱ ጋር ይገናኝ፡፡ ከተጠቃሚዎቹም አንድ ሰው ይቀመጥ፡፡

ምግብ አብሳይና ጽዳት ሠራተኛ ሲቀጠር ለሰፈሩ ሥራ አጦች ቅድሚያ ይሰጥ፡፡

ከ6 ወር በኋላ ተሰብስበን እንገምግመው፡፡ ካልሆነ ይስተካከል፤ ጨርሶ ካልሆነም ይዘጋ፡፡ ይህ በጽሑፍ ይፈረምበት፡፡

ወጣቱን ይህን ወረቀት ሳሳየው ደስታውን አልቻለውም፡፡ «እስከ ዛሬ ያገኘነው መልስ እሺና እምቢ ብቻ ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀን ሰው የለም» አለኝ፡፡ ሁሉንም እንፈጽማለን አላለም፤ ሰልፉንና ሰዓቱን ወዲያው ተቀበለ፣ የ6 ወሩን ነገር ግን አለቆቹን ማማከር እንዳለበት ነገረኝ፡፡ እኔም ከሚያባብለኝ እንዲህ ቢነግረኝ ይሻለኛል፡፡

ተራ ቁጥር 63

ለእህቴ ነገርኳት፡፡ ከእኔ ይበልጥ የምትፈራው እሷ ናትና ትቆጣለች ብዬ ነበር፡፡ ዝም ብላ ቆየችና «ማታ ማታ ባትሪ ይዘው እስከ ታክሲው የሚቀበሉኝ እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አለችኝ፡፡ ይህንን እንኳ አላውቅም ነበር! ለካ ሞባይሏን ከተነጠቀች ጀምሮ ማንም ሳያዛቸው ሰዓቷን ጠብቀው እየወጡ ያመጧት ነበር፡፡ እኔ ቤት ቁጭ ብድግ ስል እሳቸው መንገድ ላይ ነበሩ፡፡

በማግስቱ ገንዘብ ያዧ ዘንድ ሄጄ ስሜን ሰርዙልኝ አልኳቸው፡፡ ተቀየሙኝ፡፡ «ምን ነካሽ ልጄ? እኔ ለእናንተው ለልጆቹ ብዬ አይደል የምንከራተተው?» አሉኝ፡፡ እውነታቸውን ነው፤ ለእኛ ብለው ነው፡፡ ምክንያቴን ልነግራቸው አልቻልኩም፤ የእኔ ምስጢር አይደለምና፡፡ ቅድመ ሁኔታዎቹን የጻፍኩበትን ወረቀት ብቻ ሰጠኋቸው፡፡ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና «የሴቶቹ መታጠቢያ ጥሩ ነው» አሉ፡፡ ሌላ አልጨመሩም፡፡ ወረቀቱን ግን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፡፡

ስብሰባው የፊታችን እሁድ ነው፡፡ ምን እንደሚወሰን አላውቅም፡፡ እኔ እጄን አውጥቼ እናገራለሁ፤ እስከዚያው ግን ጋሼ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተረኛውን አስረክበው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወጣሉ፡፡ አሁን ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ፡፡

እናንተም ወረቀት ሲመጣላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እስክሪብቶውን የሚያቀብላችሁን ሰው ቀና ብላችሁ እዩት፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡