አበል የማይገባበት ጡረታ

አሰላ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ በወር 10 ሺህ ብር ይከፈላታል እንበል። ፔሮሉ ላይ 6 ሺህ ብሩ መሠረታዊ ደመወዝ፣ 4 ሺህ ብሩ የቤት አበል ተብሎ ተለይቷል። የገቢ ግብር ከሁለቱም ይቆረጣል። የጡረታ መዋጮ ግን የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛዋ 7 በመቶ ስለሚያዋጡ ወደ ፈንዱ በወር 1,080 ብር ይገባል። ሙሉው ደመወዝ ቢሆን 1,800 ብር ይገባ ነበር። መንግሥት ግብር ሲሰበስብ ገቢ ያለውን ገንዘብ፣ ጡረታ ሲያሰላ እንዳልተከፈለ የሚቆጥርበት በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳቱ የሚታወቀው በ60 ዓመት ነው። ጡረታው የሚሰላው የቤት አበሉ በማይደመርበት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል። 25 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ 48.75 በመቶ ታገኛለች፦ ከ6 ሺህ ብር 2,925፣ ከ10 ሺህ ብር ግን 4,875። ጭላሎ ግርጌ ገብስና ስንዴ የሚያርስ ገበሬ ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ከምርቱ ይካፈላል። በብቅል ፋብሪካ፣ በዱቄት ፋብሪካ ወይም በግል ትምህርት ቤት ደመወዝ የሚኖር የከተማ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ መሬት የለውም። ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት አገር ደግሞ የሦስት ዓመት አማካይ ራሱ ወደኋላ የቀረ ቁጥር ነው፤ በዚያ ላይ አበሉ ሲወጣበት ጡረታው ከጅምሩ ያነሰ ይሆናል።

አሠሪዎች ወጪው ይከብደናል ማለታቸው አይቀርም። በምሳሌያችን ጭማሪው በወር 440 ብር፣ ከጠቅላላ ክፍያው 4.4 በመቶ ነው። ቀላል አይደለም። ሆኖም በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅቶች ጡረታ ሲጀመር መዋጮው ከ7 እና 5 በመቶ ተነስቶ በየዓመቱ እየጨመረ ነው 11 እና 7 የደረሰው፤ አበሉም በዚሁ መንገድ ደረጃ በደረጃ ሊገባ ይችላል። ሠራተኛዋም ከእጇ 280 ብር ትጨምራለች፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይህ ይሰማታል። ስለዚህ ከአሠሪው ድርሻ መጀመር ይሻላል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አሠሪው ለጡረታና ለፕሮቪደንት ፈንድ የሚያዋጣው ከሠራተኛው የወር ገቢ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ከግብር ነፃ ነው ይላል። ከ10 ሺህ ብር ይህ 1,500 ብር ነው፤ አሠሪው የሚከፍለው 660 ብር ብቻ ስለሆነ የ840 ብር ቦታ ባዶ ነው። ሕጉ ሳይሻሻል እንኳ ይህ ቦታ በኅብረት ስምምነት ድርድር ሊጠየቅ ይችላል።

ባለከፍተኛ ደመወዝ ብቻ ይጠቀማል የሚለው ሥጋትም መልስ አለው። ኬንያ በብሔራዊ ማኅበራዊ ዋስትና ፈንዷ መዋጮ የሚታሰብበትን ደመወዝ ከላይ ገድባለች። እኛ ግን ገደቡን ሳናውጅ አበል በሚባለው ቃል መካከለኛውን ሠራተኛ ከታች ገድበነዋል። በየወሩ በቋሚነት የሚከፈል አበል ሁሉ ለመዋጮ ይቆጠር፤ በሥራ ጉዞ ለወጣ ወጪ የሚተካ ገንዘብ ብቻ ይቅር።