የጀጎል በሮችና የኤሌክትሪክ መስመሮች

በፊዚክስ ደብተሩ ላይ ከፖዚቲቭ ሙል የሚወጡ፣ ወደ ኔጋቲቭ ሙልም የሚገቡ ባለ ቀስት መስመሮችን ያልሣለ ተማሪ አይገኝም። ይሁን እንጂ ብዙው ተማሪ ሥዕሉን እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞ ለፈተና ያቀርበዋል እንጂ የመስመሮቹን ትርጉም አይጠይቅም። አንዳንዱም በአየር ላይ የተዘረጋ ቀጭን ክር ይመስለዋል።

ይህን አሣሣል ያስጀመረው እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ (1791–1867 እ.ኤ.አ.) የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። በወጣትነቱም ለንደን ውስጥ ሰባት ዓመት የመጽሐፍ ጥረዛ ሙያ ተምሯል። መጻሕፍትን በቆዳ በመጠረዝና በመደጎስ ስሟ የታወቀው ሐረር ይህን ሙያ ታከብረዋለች። ፋራዴይ በሒሳብ ደካማ ስለ ነበረ፣ ዓይን የማያየውን ኃይል በመስመር ሥሎ አሰበው። ሥዕሉን በኋላ ወደ ሒሳብ የለወጠው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ቀስቱ የሚያሳየው በዚያ ቦታ ትንሽ ፖዚቲቭ ሙል ብናኖር ኃይሉ ወዴት እንደሚገፋት ነው። ፖዚቲቭ ፖዚቲቭን ስለሚገፋ መስመሩ ከእርሱ ይወጣል፤ ኔጋቲቭ ደግሞ ስለሚስባት ወደ እርሱ ይገባል። መስመሮቹ በተጠጋጉበት ኃይሉ ይበረታል፤ በተራራቁበት ይደክማል። ለአንድ ሙል ስምንት መስመር የሣለ ሰው እጥፍ ለሆነው ዐሥራ ስድስት መሣል አለበት።

አሁን ወደ ጀጎል ግንብ እንምጣ። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ያሠሩት ይህ ግንብ የሸዋ፣ የቡዳ፣ የሰንጋ፣ የኤረርና የፈላና በር የሚባሉ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በኋላ የተከፈተው የሐረር በር ሲጨመር ስድስት ይሆናሉ። የአንድ ቀን መንገደኛን ሁሉ ጉዞ፣ ከተነሣበት እስከ ደረሰበት፣ በካርታ ላይ በመስመር እንሣል። በየበሩም ቆመን የሚወጣውን በመደመር፣ የሚገባውን በመቀነስ እንቍጠር።

ከጀጎል ቤቱ ተነሥቶ ከሸዋ በር ውጭ ወዳለው ገበያ የሄደ ሰው አንድ ይደምርልናል። ከገጠር መጥቶ ፈረስ መጋላ የቀረ አንድ ይቀንሳል። በኤረር በር ገብቶ በሸዋ በር ወጥቶ ያለፈ መንገደኛ ግን ራሱን ያጣፋል። ከግንቡ ሳይወጣ ከቤቱ ፈረስ መጋላ የደረሰም በቍጥሩ አይገባም። ስለዚህ ውስጥ ሳንገባ፣ ከውስጥ የተነሡት በውስጥ ካበቁት በስንት እንደሚበልጡ እናውቃለን። የጀርመኑ ሊቅ የጋውስ ሕግም ይኸው ነው፤ መነሻው የፖዚቲቭ ሙል፣ መድረሻው የኔጋቲቭ ሙል ምሳሌ ነው።

ምሳሌው ግን ወሰን አለው። የሰው መንገድ ይሻገራል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ግን አይሻገርም፤ በአንድ ቦታ ላይ ኃይሉ ሁለት አቅጣጫ ሊኖረው አይችልምና። መስመሩም እንደ መንገደኛ አይጓዝም፤ ምልክት ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ተማሪውን የሚያሳስተው ዜሮ ነው። በግንቡ ውስጥ እኩል ፖዚቲቭና ኔጋቲቭ ቢኖሩ የበሮቹ ሒሳብ ዜሮ ይወጣል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ኃይል እንዳለ ነው። የወጪና የገቢ መዝገብ የሚይዝ ወጣት ሹምም ይህን አይስተውም፤ ሒሳቡ ዜሮ ለዜሮ የተዘጋ ቤት ባዶ ቤት አይደለም።