የሽክርክሪት ይዘትን ለማስላት ዘዴ ሲመረጥ

አንድ ጠፍጣፋ ቅርጽ በዘንግ ዙሪያ ሲሽከረከር የሚፈጠረውን ጠጣር አካል ይዘት ለማግኘት ካልኩለስ ሁለት ዘዴዎችን ያቀርባል። የዲስክ ዘዴ አካሉን እንደ ዳቦ ይቆራርሰዋል፤ የቱቦ ዘዴ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ንብርብር በንብርብር ይለያየዋል። በርካታ ተማሪዎች «በኤክስ ዘንግ ዙሪያ ከሆነ ዲስክ፣ በዋይ ዘንግ ዙሪያ ከሆነ ቱቦ» የሚል ሕግ በቃላቸው ይዘው ወደ ፈተና ይገባሉ። ሕጉ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ውጤት ስለሚሰጥ ጉድለቱ ሳይታወቅ ይቆያል።

በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት ስለ ዘንጉ ሳይሆን ስለ ቅርጹ ነው፦ ቅርጹ በየትኛው አቅጣጫ ቢቆረጥ የእያንዳንዱ ቀጭን ቁራጭ ርዝመት በአንድ ቀላል ቀመር ይገለጻል? ለምሳሌ ዋይ = ኤክስ − ኤክስ ኩብ የሚለው ኩርባ ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል ከኤክስ ዘንግ ጋር የሚያጥረውን ቅርጽ እንውሰድ። ቁራጩ ቁመታዊ ከሆነ ርዝመቱ ራሱ ቀመሩ ነው። አግድም ከሆነ ግን ሁለቱም ጫፎቹ በዚያው ኩርባ ላይ ስለሚያርፉ፣ ኤክስን በዋይ ለመግለጽ የሦስተኛ ደረጃ እኩልነት መፍታት ግድ ይላል። ይህን በፈተና ሰዓት የሚሞክር ተማሪ ጊዜውን በከንቱ ይጨርሳል።

ስለዚህ ቁራጩ ቁመታዊ ይሁን። ዘዴውን የሚወስነው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዘንግ ነው። ቁራጩ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ከሆነ ሲሽከረከር ቱቦ ይሠራል፤ ቀጤ ነክ ከሆነ ዲስክ፣ በቁራጩና በዘንጉ መካከል ክፍተት ካለ ደግሞ መሐሉ ክፍት የሆነ ሮንዴላ ይሠራል። ያው ቅርጽ በዋይ ዘንግ ዙሪያ ሲሽከረከር የቱቦው ሬዲየስ ኤክስ ስለሆነ፣ 2 ፓይ በኤክስና በቁመቱ ተባዝቶ ኢንቴግራሉ ሲወሰድ የፓይ 4/15 ይገኛል። በኤክስ ዘንግ ዙሪያ ሲሆን ቁመቱ የዲስኩ ሬዲየስ ይሆናል፤ ውጤቱም የፓይ 8/105 ነው።

የቃል ሕጉ የሚፈርሰው ኤክስ = 2 ዋይ − ዋይ ካሬ የሚለው ኩርባ ከዋይ ዘንግ ጋር የሚያጥረው ቅርጽ በዋይ ዘንግ ዙሪያ ሲሽከረከር ነው። ሕጉ ቱቦ ይላል። ይሁንና አግድም ቁራጭ ከዘንጉ ተነስቶ ኩርባው ላይ ስለሚያበቃ፣ ዋይን ከ0 እስከ 2 በመውሰድ በዲስክ ዘዴ የፓይ 16/15 በቀላሉ ይገኛል። በቱቦ ለመሥራት ካሬውን አሟልቶ ዋይን መፍታት ያስፈልጋል፤ የቱቦው ቁመትም የ(1 − ኤክስ) ስኩዌር ሩት እጥፍ ይሆናል። ውጤቱ ያው ነው፤ ድካሙ ግን እጥፍ ድርብ ነው። ጊዜ ለተረፈው ተማሪ ይህ ሁለተኛ መንገድ ጥሩ ማረጋገጫ ይሆነዋል።

ዘንጉ ከመነሻው ሲርቅም አካሄዱ አይለወጥም። የመጀመሪያው ቅርጽ ኤክስ = 1 በሆነው ቀጥተኛ መስመር ዙሪያ ቢሽከረከር ቁመታዊው ቁራጭ አሁንም ከዘንጉ ጋር ትይዩ ነው። የሚቀየረው ሬዲየሱ ብቻ ነው፤ ከኤክስ ወደ 1 − ኤክስ። ይዘቱም የፓይ 7/30 ይሆናል።